የሦስት ዓመት ዲግሪ በቨርጂኒያ በር ላይ

አንዲት ልጅ ነበረች። ስሟን ልተወው። በአሌክሳንድሪያም፣ በሲልቨር ስፕሪንግም፣ በሲያትልም፣ በዳላስም እሷን የመሰሉ ሞልተዋልና የማን ታሪክ ነው ብትሉኝ የብዙዎች ነው እላችኋለሁ። ከእያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት ወስጄ በአንዷ አፍ አናግሬዋለሁ።

ይቺ ልጅ አገር ቤት አካውንቲንግ ተምራ በ2003 ዓ.ም. በጥሩ ውጤት ተመረቀች። አንድ መሥሪያ ቤት ሂሳብ ክፍል ጥቂት ዓመታት ከሠራች በኋላ ዲቪ ደረሳትና ቨርጂኒያ ገባች። የመጀመሪያ ሥራዋ ፓርኪንግ ውስጥ ገንዘብ መቀበል ነበር፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቀጥሎ አንድ ሆቴል ሌሊት ሌሊት ሂሳብ የሚዘጋ ሰው ፈልጎ ቀጠራት።

ከምሽቱ 5 ሰዓት ትገባለች፣ ጠዋት 1 ሰዓት ትወጣለች። እንግዳው ሁሉ ሲተኛ እሷ የቀኑን ጥሬ ገንዘብ ትቆጥራለች፤ በካርድ የተከፈለውን ከማሽኑ ወረቀት ጋር፣ የሬስቶራንቱን ደረሰኝ ከሲስተሙ ጋር ታመሳክራለች፤ የክፍሉን ኪራይና ታክሱን በየእንግዳው ሂሳብ ላይ ትጭናለች፤ በመጨረሻ ቀኑን ትዘጋለች። አንድ ሌሊት ሂሳቡ በ38 ዶላር አልገጥም አላት። ኮምፒውተሩ ዝጊው ቢላትም አልዘጋችም። ደረሰኞቹን አንድ በአንድ ስታገላብጥ የአንድ ቤተሰብ ቁርስ ሁለት ክፍል ላይ ተጽፎ አገኘችው። ጠዋት የመጣው ኃላፊ ወረቀቱን አይቶ፣ «አንቺ እኮ ትክክለኛ አካውንታንት ነሽ» አላት። ቤቷ ሄዳ እንቅልፍ እምቢ አላት። ነኝ እኮ! አካውንታንት ነኝ። ታዲያ እዚህ አገር ማን ይወቅልኝ?

በዚህ ሐሳብ ነው ኮሎምቢያ ፓይክ በሚባለው መንገድ ላይ ቢሮ ወዳላቸው አንድ አዛውንት የሄደችው። እሳቸው ሲፒኤ ናቸው። ሲፒኤ ማለት በአሜሪካ መንግሥት ያወቀው፣ የኦዲት ሪፖርት ላይ መፈረም የሚችል የሂሳብ ባለሙያ ነው። እሳቸው የተፈተኑት ፈተናው በኮምፒውተር መሰጠት ባልጀመረበት ዘመን ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ በሜይና በኖቬምበር፣ ሁለት ቀን ተኩል ሙሉ በወረቀት ይሰጥ ነበር። ካልኩሌተር እንኳ የተፈቀደው በ1994 እ.ኤ.አ. ነው። እሳቸው ከዚያ በፊት በእርሳስ እየደመሩና እየቀነሱ አለፉ።

«ጋሼ፣ ሲፒኤ መፈተን እፈልጋለሁ። ዲግሪ አለኝ። የት ልመዝገብ?»

«እንኳን መጣሽ፣ ልጄ። ዲግሪሽ የስንት ዓመት ነው?»

«የሦስት።»

ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ተቀመጪ» አሏት። «ወሬው ረጅም ነው።»

እንዲህ ሲሉ አስረዷት። ፈተናው አንድ ነው፤ አላስካም ቢፈተኑት ፍሎሪዳ ያው ነው። በሩ ግን 55 ነው። 50ው ስቴቶች፣ ዋሽንግተን ዲሲ፣ ጉዋም፣ ፖርቶ ሪኮ፣ ቨርጂን ደሴቶችና ሰሜን ማሪያና ደሴቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው የሂሳብ ሙያ ቦርድ አላቸው፤ ማን ይፈተን፣ ማን ፈቃድ ያግኝ የሚለውን የሚወስነው ቦርዱ ነው። በቨርጂኒያ የፈተና በር ላይ ያኔ የሚጠየቀው ባችለር ዲግሪና ቢያንስ 120 ክሬዲት አወር ነበር። ከዚያ ውስጥ 24ቱ ከመግቢያ ኮርሶች ከፍ ያለ አካውንቲንግ መሆን አለበት፤ ኦዲት፣ ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ማኔጅመንት አካውንቲንግና ታክስ የግድ ይገኙበታል። ሌላ 24 ደግሞ የቢዝነስ ትምህርት ያስፈልጋል። እነዚያ በመጀመሪያ ዓመት እንቅልፍ አጥተን የተማርናቸው «ፕሪንሲፕልስ ኦፍ አካውንቲንግ» አንድና ሁለት ከ24ቱ ውስጥ አይቆጠሩም።

ክሬዲት አወር ማለት በሳምንት አንድ ሰዓት፣ ለአንድ ሴሚስተር የተማሩት ትምህርት ነው፤ አሜሪካኖቹ የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት 30 ገደማ ይሆናል ብለው ይይዛሉ። አራት ዓመት 120 ማለት ነው። ሦስት ዓመትን እናንተው አስሉት።

እዚህ ላይ ወሬዬን ገታ ላድርግና ስለነዚያ ሦስት ዓመታት የማምንበትን ልናገር። አገራችን ከ1996 ዓ.ም. አካባቢ ጀምራ የአራቱን ዓመት ዲግሪ ወደ ሦስት አወረደችው። ፍሬሽማን የሚባለው ዓመት ወደ 11ኛና 12ኛ ክፍል፣ ወደ ፕሪፓራቶሪ ወረደ ተባለ። ልጆቹ የተማሩት ያንኑ መጽሐፍ ነው፤ ኢንተርሚዲየቱን፣ አድቫንስዱን፣ ኮስቱን ሁሉ ተምረዋል። መምህራኑም ያው ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ወደ ዩኒቨርሲቲ ተመለሰና አራት ዓመቱ እንደገና ቆመ። በመካከሉ ያለፉት ግን የብዙ ዓመታት ተመራቂዎች ናቸው። በባሕር ማዶ ሚዛን ላይ 11ኛና 12ኛ ክፍል ሁለተኛ ደረጃ ነው፤ ስሙን ፕሪፓራቶሪ ቢሉትም ሌላ ቢሉት የትምህርት ማስረጃ ለሚገመግመው ሰው አንድ ነው። ልጆቹ አገሪቱ ባወጣችው መንገድ ሄደው፣ አገሪቱ የሰጠቻቸውን ዲግሪ ይዘው መጥተው ነው በሌላ አገር በር ላይ አንድ ዓመት የጎደላቸው። ይህ በእውነት ያንገበግበኛል። ያን መመሪያ ያወጣ ሰው ለነሱ አንድ ወረቀት፣ አንድ ማብራሪያ ደብዳቤ ማዘጋጀት ነበረበት እላለሁ።

ወደ ልጅቱ እንመለስ። ጋሼ ተስፋ አላስቆረጧትም፤ ገምጋሚው ድርጅት ምን እንደሚል ሳይታወቅ ማዘን አይገባም አሏት። የውጭ አገር ትምህርት መጀመሪያ ይገመገማል፤ እያንዳንዱ ኮርስ በአሜሪካ ስንት ክሬዲት እንደሚሆን ይሰላል። የቦርዶቹ አገር አቀፍ ማኅበር ናዝባ የራሱ የግምገማ ክፍል አለው፤ የሱን ብቻ የሚቀበሉ ስቴቶች አሉ፣ ሌሎችንም የሚቀበሉ አሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ስቴት ይመረጣል፣ ከዚያ የዚያ ስቴት ቦርድ የማንን ግምገማ እንደሚቀበል ይጠየቃል፣ ገንዘብ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። ጋሼ ይህን ሦስቴ ደጋገሙላት፤ ቅደም ተከተሉን ገልብጠው ሁለት ጊዜ የከፈሉ ሰዎች ቢሯቸው መጥተው ሲያዝኑ አይተዋልና።

ቀጥሎ የወረቀት ጦርነት መጣ። ዩኒቨርሲቲው ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን በቀጥታ፣ አሽጎ መላክ አለበት። እሷ እጅ ላይ ያለው ስቱደንት ኮፒና ቴምፖራሪ ነው። ኦፊሻሉ እንዲወጣ ደግሞ ኮስት ሼሪንጉ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የወጪ መጋራት ዕዳ፣ ተከፍሎ ማለቅ አለበት። አዲስ አበባ ያለው ወንድሟ ለመሮጥ ተዘጋጀ፤ ግን ያለ ውክልና ማንም አያነጋግረውም። ዋሽንግተን ኤምባሲ ሄዳ ውክልናውን አስፈጸመች፤ ወረቀቱ አዲስ አበባ ደርሶ ውጭ ጉዳይ ተረጋገጠ፤ ወንድሟ የኮስት ሼሪንጉን ዕዳ ከፍሎ ክሊራንስ ይዞ ሬጅስትራር ቀረበ። ሰልፉን፣ «ሲስተም የለም» የሚለውን፣ «ፊርማ የሚያደርጉት ሰው ስብሰባ ናቸው» የሚለውን አላወራላችሁም፤ ኖራችሁበታል።

ትራንስክሪፕቱ ወጣ። ወንድሟ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከላት። ልጅቱ አሰፋችና አየችው። የአባቷ ስም በትራንስክሪፕቱ ላይ በሁለት «ኤስ» ተጽፏል፤ በፓስፖርቷና በግሪን ካርዷ ላይ አንድ «ኤስ» ብቻ ነው። አንድ ፊደል! እዚህ አገር ግን የፈተና መግቢያው ወረቀት ላይ ያለው ስምና መታወቂያው ላይ ያለው ስም አንድ ካልሆኑ ከበር ይመልሱሃል፤ ከፍለህ የያዝከውም ቀጠሮ ይቃጠላል። ወንድሟ እንደገና ተመልሶ፣ ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ከትራንስክሪፕቱ ጋር አስላከ።

ከሁለት ወር በኋላ ግምገማው መጣ። ልጅቱ ከሥራ ወጥታ፣ ሆቴሉ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኳ ላይ አነበበችው። ኮርሶቿ አንድ በአንድ ተዘርዝረዋል፤ ውጤቶቿ ጥሩ ናቸው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ቃል ግን የሦስት ዓመት የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ይላል። ባችለር አይልም። ክሬዲቱም ከ120 በሃያ ያህል ያንሳል።

«ጋሼ፣ ዲግሪዬን ሰረዙት» አለች በስልክ፣ ድምጿ እየተቆራረጠ።

«አልሰረዙትም፣ የኔ ልጅ። ሦስት ዓመት አለሽ ብለውሻል። ሦስት ዓመት ደግሞ ከዜሮ በጣም ሩቅ ነው። ነይ፣ ቡና አለ።»

በዚያ ቀን ጋሼ ያወሩላትን እኔም ለእናንተ ላውራ፤ የዚህ ትረካ ልብ ያለው እሱ ላይ ነው። እሳቸው ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ በተማሩበት ዘመን ከመምህሮቻቸው የሰሙት ነው።

ጆን ክሮምዌል የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ የዋሽንግተን ሰው። በ1906 እ.ኤ.አ. ከዳርትመዝ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ፤ ማስተርሱንም ጨመረ። እሱን ያቆመው ትምህርት አልነበረም። በዚያን ዘመን የአካባቢው ሕግ ለፈተና የሚጠይቀው በሲፒኤ ሥር የተሠራ የሥራ ልምድ ነበር፤ ነጮቹ ሲፒኤዎች ደግሞ ጥቁር አይቀጥሩም። የሚቀጥርህ የለም፣ ሳትቀጠር አትፈተንም። ክሮምዌል በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እያስተማረ 15 ዓመት ጠበቀ። ከዚያ ኒው ሃምፕሸር የሥራ ልምድ ሳይጠይቅ መፈተን የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። ከዋሽንግተን እዚያ ድረስ ሄዶ ተፈተነና በ1921 በአሜሪካ የመጀመሪያው ጥቁር ሲፒኤ ሆነ። በኋላም የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ ኃላፊ ሆኖ ሠራ፤ የኛ ሰው ሬስቶራንትና ሱቅ ከከፈተበት ከዩ ስትሪት ጥቂት ደቂቃ የእግር መንገድ ላይ።

ሜሪ ቲ. ዋሽንግተን ደግሞ በ1943 በቺካጎ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሲፒኤ ሆነች። ፈቃዷን ሳታገኝ በፊት ነው ቢሮ የከፈተችው። ከዚያ በኋላ ከየስቴቱ ያሉ ወጣት ጥቁሮች ያችን የልምድ ወረቀት ለማግኘት ሻንጣቸውን ይዘው ቺካጎ፣ እሷ ቢሮ ይመጡ ነበር። አስቡት፤ አንዲት ሴት ያለፈችበትን በር ለሌላው ከፍታ ያዘች።

«በሩ ይቀያየራል፣ ልጄ» አሏት ጋሼ። «አንድ ጊዜ ልምድ ነው፣ አንድ ጊዜ ሰዓት ነው። አንቺ ዛሬ ምን እንደሚጠይቅ እይ።»

በእርግጥም ሲቀያየር ኖሯል። ኒው ዮርክ በ1896 የመጀመሪያውን የሲፒኤ ሕግ ስታወጣ ኮሌጅ የሚባል ነገር አልጠየቀችም። በ1929 ግን ዲግሪ የሚጠይቅ ሕግ አወጣች፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1938 ነው። ፍሎሪዳ ከ1983 ጀምራ 150 ሰዓት፣ ማለትም አምስተኛ ዓመት ጠየቀች። በ1988 የአሜሪካ ሲፒኤዎች ማኅበር አባላት ድምፅ ሰጥተው ከ2000 በኋላ ለሚገባ አዲስ አባል 150 ሰዓት ግዴታ አደረጉት፤ ስቴቶቹም ተራ በተራ ተከተሉ። ብዙዎቹ በ120 መፈተን ይፈቅዱና ፈቃዱን ግን በ150 ይሰጡ ነበር። ያ አምስተኛ ዓመት የሀብታምን ልጅና የድሃን ልጅ እኩል አልመዘነም። ምን ዓይነት ኮርስ እንደሆነ ሳይጠየቅ 30 ሰዓት መጨመሩ ብቻ ሰውን የተሻለ ኦዲተር ያደርጋል ብዬ አምኜ አላውቅም። ሌሊት ሠርቶ ቀን ለሚማር ሰው ግን ክፍያውም ጊዜውም ከባድ ነው።

ልጅቱ ምን አደረገች? ሁለት ነገር። ከዚያ ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል 15 ባለው የታክስ ወራት ጋሼ ቢሮ ትሠራ ጀመር። ዲግሪ የማይጠይቀውን የአሜሪካ ፌዴራል ግብር መሥሪያ ቤት፣ የአይ.አር.ኤስ. ፈተና፣ ኢ.ኤ. የሚባለውንም ተፈተነች። ሦስት ክፍል አለው፤ ያለፈ ሰው ግብር ከፋይን ወክሎ አይ.አር.ኤስ. ፊት ይቆማል። ኦዲት ላይ መፈረም አይችልም እንጂ እንጀራ ያበላል፣ ክብርም አለው። ሲፒኤ ብቻ ነው ሙያ ብለው ይህን መንገድ የሚንቁ አሉ፤ እኔ ከነሱ ጋር አልስማማም።

ሁለተኛው፣ ግምገማውን ይዛ መጀመሪያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ከዚያ አንድ የቨርጂኒያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሄደች። አማካሪዋ፣ የአገር ቤት ኮርሶቿ ከተቆጠሩላት ባችለሩን ለመጨረስ አንድ ዓመት ከጥቂት እንደሚቀራት ነገረቻት። ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀቻት፤ «የየኮርሱ ይዘት ዝርዝር አለሽ? ትራንስክሪፕቱ ኮስት አካውንቲንግ ይላል፣ ምን ምን እንደተማርሽበት አይነግረኝም።» ወንድሟ እንደገና ሬጅስትራር! ዲፓርትመንቱ ኮርስ አውትላይኖቹን ፈልጎ፣ አትሞ፣ ማኅተም አድርጎ ሰጠው። በነዚያ ገጾች ምክንያት ድጋሚ ልትማር የነበረችው አራት ኮርስ ተቆጠረላት። አራት ኮርስ ማለት በዚህ አገር ዋጋ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ሥራውን ሳትለቅ፣ ሁለትና ሦስት ኮርስ እየወሰደች ባችለሩን ያዘች። በአጠቃላይ 130 ገደማ ክሬዲት ሆነላት፤ ለፈተናው በቃ።

የፈተናውን ነገር በአጭሩ ላሳልፈው፤ ስለሱ ብዙ ተጽፏል። ከ2024 ጀምሮ ሦስት የግድ ክፍሎች አሉ፤ ኦዲት፣ ፋይናንሻል አካውንቲንግ፣ ታክስና ሕግ። አራተኛውን ተፈታኙ ከሦስት አማራጭ ይመርጣል። እያንዳንዱ አራት ሰዓት ነው፣ ማለፊያው 75። አንዱን ካለፍክ በኋላ የቀሩትን የምትጨርስበት ጊዜ በብዙ ስቴቶች ከ18 ወር ወደ 30 ወር ተራዝሟል፤ ይህ ለሠራተኛ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው። ፋይናንሻሉ ከተፈታኙ ከግማሽ በላዩን የሚጥል ክፍል ነው፤ እሷንም በ71 መለሳት። በሁለተኛው 79 አመጣች። ታክሱ ላይ የጋሼ ቢሮ ሥራ ረዳት፤ አገር ቤት የተማረችው የግብር ትምህርት እዚህ ቦታ የለውም፣ የሚጠየቀው የአሜሪካ ፌዴራል ታክስ ነው። አራቱንም አለፈች።

አሁንም ግን ፈቃዱ 150 ይላል፤ እሷ 130። ሌላ 20 ክሬዲት ለመክፈል ገንዘብ መቆጠብ እንደጀመረች ነው ወሬው የመጣው። አካውንቲንግ የሚማረው ወጣት እየቀነሰ ሲሄድ ስቴቶቹ የ150ውን በር እንደገና ማየት ጀምረው ነበር። ኦሃዮ በ2025 መጀመሪያ አዲስ ሕግ ፈረመች፤ በዚያው ዓመት ቨርጂኒያም ተከተለች። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ባችለር ያለውና ፈተናውን ያለፈ ሰው፣ በ150 ሰዓትና በአንድ ዓመት ልምድ ፋንታ፣ በሁለት ዓመት ልምድ ፈቃድ ማግኘት ይችላል። ጋሼ ጋዜጣውን ይዘው ሲጠሯት የመጀመሪያ ጥያቄዋ፣ «እርስዎ ጋ የሠራሁት ይቆጠራል ወይ?» የሚል ነበር። ቅጹን አብረው ተቀምጠው ወር በወር ሞሉት፤ በሳቸው ፊርማ ተረጋግጦ ተላከ። ክሮምዌልን የዘጋው የልምድ በር ለእሷ መግቢያ ሆነላት፤ የሚቀጥራት፣ የሚፈርምላት ሰው ስለነበራት ነው። የሚፈርምላቸው ሰው የሌላቸውን ሳስብ አሁንም ልቤ አያርፍም። ቢሮ ያላችሁ የኛ ሲፒኤዎች፣ እባካችሁ ለአንድ ልጅ እንኳ ወንበር ስጡ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቷ ልጅ ከአዲስ አበባ ደወለችላት። የአካውንቲንግ ተማሪ ናት፣ የአራት ዓመቱ ፕሮግራም፣ ዘንድሮ ተመራቂ። ለማስተርስ ወደ አሜሪካ ልታመለክት ነው። ልጅቱ ስለ ቪዛም ስለ አየር ጠባይም አላወራቻትም።

«ስምሽ ትራንስክሪፕቱ ላይ እንዴት ነው የተጻፈው? ከፓስፖርትሽ ጋር አስተያይተሻል?»

«አንድ ነው፣ እህቴ። አረጋግጫለሁ።»

«ኮስት ሼሪንጉስ?»

«አባዬ ሊከፍል ነው።»

«ኮርስ አውትላይን?»

«ሁሉንም በፒዲኤፍ ሰብስቤያለሁ።»

«ማኅተም አለው?»

«ማኅተም እንኳ የለውም።»

«እንግዲያው ሰኞ ጠዋት ዲፓርትመንት ሂጂና አስመቺ። የሁሉንም ኮርስ፣ የፍሬሽማኑንም ጭምር። መምህራኑ ሳይበተኑ።»